ግልባጭ የሌለው ማመልከቻ

ጋሽ መኩሪያ ማረፉን የነገረችኝ እትዬ አስካለ ናት። ስልኩን ሳነሳ እንደ ወትሮዋ ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የቤት ኪራዬን አልጠየቀችኝም። «ሰውየሽ ሄደ» አለችኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኳትም። እትዬ አስካለ «ሰውየሽ» የምትለኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር በምሠራበት የጨርቅ ሱቅ መጋረጃ እያስለካች የነበረች ደንበኛ ፊቴን አየችና «ፖሌ ሳና፣ አይዞሽ፣ አባትሽ ናቸው?» ብላ በስዋሂሊ ጠየቀችኝ። አይደለም ማለት ከበደኝና አዎ አልኳት። ጋሽ መኩሪያ ይህን ቢሰማ «የሐሰት ቃል ሰጥተሻል» ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

የተዋወቅነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ነው። ቤቱ ድሮ የሰው መኖሪያ የነበረ ነው። ሳሎኑ መመገቢያ ሆኗል፤ በስተኋላ ኩሽናው አለ፤ ከኩሽናው ጎን ደግሞ እኔ የማድርባት ጠባብ ክፍል ነበረች። በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ስገባ የማውቀው ሰው አልነበረም። እትዬ አስካለ ናት ሥራም አልጋም የሰጠችኝ። ሁለቱ አንድ ላይ የመጡ በመሆናቸው፣ አንዱ ከሄደ ሌላውም እንደሚሄድ ሳይነገረኝ ገብቶኝ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ያን ጊዜ በመስኮቱ አጠገብ ያለችውን ጠረጴዛ ቢሮ አድርጓት ነበር። አገር ቤት ሳለ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛና ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ ናይሮቢም መጥቶ ያው ነው። ለቤት አከራይ፣ ለትምህርት ቤት ዲሬክተር፣ ለስደተኞች ቢሮ፣ አበሻው የሚጻፍለት ነገር ባለው ቁጥር ወደ መስኮቷ ይመጣል። እንግሊዝኛው ዕድሜ የጠገበ ነው። ኬንያውያኑ ጸሐፊዎች ደብዳቤውን ሲያነቡ ቀና ብለው «ይሄን የጻፈው ሰውዬ በሕይወት አለ?» ይሉ ነበር አሉ። ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አይችልም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ቡናማ ኮት የማይለየው ሰው ነበር። በቀኝ እጁ ይጽፋል፤ በግራው ሲጋራ ይዟል። አመዱ ረዝሞ ረዝሞ ሊወድቅ ሲል ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ መተርኮሻው ላይ ያራግፈዋል። አንድም ቀን ወረቀት ላይ ሲጥል አላየሁም። ለባለጉዳዮቹ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። «ደብዳቤህን የሚያነበው ሰው ደክሞታል» ይላቸዋል። «ስለዚህ እውነቱን ንገረው፣ አንድ ነገር ብቻ ለምነው፣ አታሳፍረው። ያፈረ ሰው አይፈርምልህም።» አንዷ ባለጉዳይ የባሏን በደል ሁሉ ካልጨመርክ ብላ ስትጨቀጭቀው «እመቤት፣ ለቀበሌ ነው ወይስ ለእግዚአብሔር የምንጽፈው?» ብሏት ቤቱ በሙሉ ስቋል።

እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ መሳቅ አልችልም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። የዚያ ቤት ሳሎን ደግሞ ከምሳ በኋላ ሰው ከሰው የማይለይበት ነበር፤ ማኪያቶ ያዘዘ ሁሉ ሲጋራ ያወጣል፣ መስኮት ልክፈት ስል «ብርድ አስገባሽብን» ይሉኛል። ያገኘሁት ዘዴ ትንፋሽ መያዝ ነው። ኩሽናው በር ላይ በደንብ አየር እስባለሁ፣ ትንፋሼን ይዤ እገባለሁ፣ ትዕዛዝ እቀበላለሁ፣ ሮጬ እወጣለሁ። ሲያወሩኝ አልመልስም፤ ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ። ጋሽ መኩሪያ የናቅኩት መስሎት ነበር። ለእትዬ አስካለ «ይቺ ልጅ ኩራቷ ለብቻው ግብር ሊከፈልበት ይገባል» ብሏታል።

አንድ ቀን እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጬ መድኃኒቴን አፌ ውስጥ ስነፋ ደረሰብኝ። ደረቴ ይጮህ ነበር። ሲጋራውን ከአፉ አወጣ፣ እጁ ላይ ያለ ባዕድ ነገር ይመስል አየውና መሬት ላይ ረገጠው። ከዚያ እስኪለቀኝ ድረስ ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀኝ።

በማግስቱ ጠዋት ማመልከቻ ጽፎ መጣ።

ያን ማመልከቻ አሁንም ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም። ለእትዬ አስካለ የተጻፈ ነው። «ጉዳዩ፡- በምግብ ቤቱ ውስጥ ሲጋራ ማጨስ እንዲከለከል ስለመጠየቅ» ይላል። የቤቱን ንጽሕና ያመሰግናል፣ የወጡን ጣዕም ያመሰግናል፣ ከዚያ ስሟን ስለማይጠቅሳት አንዲት አስተናጋጅ ደረት ያትታል። አስተናጋጇ እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚህ ላይ እታች፣ ከፊርማው በስተግራ፣ እንደ ሙያው ደንብ ግልባጭ ጽፏል፤ አንዱ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ፣ አንዱ ለመረዳጃ ማኅበሩ። ግልባጮቹን በዚያው ጠዋት ራሱ አድርሷል።

እትዬ አስካለ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አነበበችው። ግልባጩ ጋ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ስንት ዓመት ከእጄ በልተህ አሁን ከሰስከኝ?»

«ክስ አይደለም አስካለ። ማመልከቻ ነው።»

«ማመልከቻ ከሆነ ግልባጩ ቤተ ክርስቲያን ምን ሊሠራ ሄደ? ገመናዬን አደባባይ ለማስጣት ነው?»

ጋሽ መኩሪያ ከልቡ ግራ ገባው። «ግልባጭ የሌለው ማመልከቻ ምን ማመልከቻ ነው?» አላት። ሌላ ሰው ይህን ቢል ሹፈት ይመስላል። እሱ ግን የምሩን ነው። ዕድሜ ልኩን የጻፈው ወረቀት ሁሉ ግልባጭ ነበረው፤ ያለ ግልባጭ መጻፍ ለሱ ሱሪ ሳይታጠቁ እንደ መውጣት ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው። ወደኔ ዞረች። «አንቺም ጭስ ካልተስማማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልጊ። ላንቺ ሳል ብዬ ደንበኛ አላባርርም።»

ጋሽ መኩሪያ ማታ አካባቢ በጓሮው አጥር በኩል መጥቶ ጠራኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ይዞት ነበር። «ልጄ፣ ላወጣሽ ብዬ ገፈተርኩሽ» አለኝ። እኔም ተናድጄ ስለነበር «ማን ጻፍልኝ አለህ?» አልኩት። «ማንም» አለ። «ችግሩ እሱ ነው። ሳልጠየቅ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ግልባጮቹን ሊያስመልስ ሄደ። ከሰበካ ጉባኤው በቀላሉ አገኘው፤ ቀሲሱ ግን አንብበውት ነበር። የመረዳጃ ማኅበሩ ጸሐፊ ደግሞ አዋጅ መስሎት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፎታል። ጋሽ መኩሪያ ሰው ባለበት ወረቀቱን ነቅሎ ሲወስድ «ምነው፣ ተሻረ?» ብለው ጠይቀውታል።

ቀኖቹ ሄዱ። እኔ ዕቃዬን በልቤ እያሰርኩ፣ ወሩ እንዳያልቅ እየጸለይኩ አስተናግዳለሁ። ጋሽ መኩሪያ ከመንገዱ ማዶ ካለች ኪዮስክ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይውላል። ለባለጉዳዮቹም እዚያው፣ ጉልበቱ ላይ ይጽፍላቸዋል። እትዬ አስካለ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታየውና ትመለሳለች። «ያ ሰውዬ ምሳውን የት ነው የሚበላው?» አለችኝ አንድ ቀን። ኪዮስኳ ማንዳዚ ትሸጣለች አልኳት። «ማንዳዚ!» አለች፤ ዱቄት ተጠብሶ ምሳ መሆኑ ራሱ የሷ ጥፋት የሆነ ይመስል ተበሳጨች። ግን አልጠራችውም።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከባት። ቀሲሱና ሐጂ ኑሩ ነበሩ። ሐጂ፣ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ፣ ከሁሉም ጋር የሚግባቡ ሰው ናቸው፤ እትዬ አስካለ ቤት ሲመጡ ሥጋችንን ስለማይበሉ ሻይ ብቻ ይጠጣሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ መኩሪያን ይዘው ጓዳ ተቀመጡ። እኔ ሻይ ይዤ እንደገባሁ ሐጂ «እዚሁ ቁሚ» አሉኝ።

«አስካለ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሐሰት ነው?»

«ሐሰትስ አይደለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የከፋሽ?»

«በወረቀት መሆኑ ነዋ ሐጂ! ወረቀት የሚጻፈው ለተኳረፉት ሰው ነው። ከሱ ጋር አፍ የለንም?»

«እሺ፣ በቃሉ ቢነግርሽ ኖሮ ትከለክያቸው ነበር?»

እትዬ አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ብከለክላቸው ማዶ ያለው ቤት ነው የሚሄዱት። እንጀራዬ ነው ሐጂ። የዚች ልጅም እንጀራ ነው።»

ሐጂ ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ የምታጨሰው አስካለ ናት እንዴ?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ ጉዳዩ ለማይመለከታት ሰው ለምን ጻፍክ?»

በጋሽ መኩሪያ ሙያ ትልቁ ስሕተት ለማይመለከተው ቢሮ መጻፍ ነው፤ ባለጉዳይ ይህን ሲያደርግ ስንት ጊዜ ተቆጥቷል። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ እትዬ አስካለም ሳቀች፣ ቀሲሱ መስቀላቸውን አወጡ፣ ተሳሳሙ። ስለ ግልባጩ ይቅርታ ጠየቀ። ሐጂ ግን ነገሩን በዚያ አልዘጉትም፤ በሚቀጥለው እሑድ ለሚመለከታቸው ጽፎ፣ ቆሞ በአፉ እንዲያነብ ወሰኑበት። ጋሽ መኩሪያ ደነገጠ። እሱ የሚጽፈው ሌሎች እንዲያነቡት ነበር እንጂ ሰው ፊት ቆሞ አንብቦ አያውቅም።

ያን ሳምንት ጻፈ፣ ቀደደ፣ ጻፈ። አንድ ጊዜ ወደ ጓሮ መጥቶ «ስለ ትንፋሽሽ ብናገር ይከፋሻል?» አለኝ። ስሜን ካልጠራህ አይከፋኝም አልኩት። «ይሄኛውን ጠይቄ ነው የምጽፈው» አለኝ።

እሑድ ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። እኔ ኩሽናው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ወሩ ሊያልቅ ነው። ጋሽ መኩሪያ ከመስኮቷ ጠረጴዛ ተነሳ። ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፣ እስከማስታውሰው፦

«በዚህ ቤት ለምታጨሱ ወንድሞቼ። ጉዳዩ፡- ወደ ውጭ ስለመውጣት። እኔ አመልካቹ አጫሽ ነኝ፤ ከእናንተም የባስኩ እንጂ የተሻልኩ አይደለሁም። ሲጋራ ተዉ ብዬ አልጽፍም፤ ራሴ ያልቻልኩትን ሰው አልጠይቅም። ነገር ግን በዚህ ቤት የምታስተናግደን ልጅ ትዕዛዛችንን የምትቀበለው ትንፋሿን ይዛ መሆኑን ደርሼበታለሁ። ኩራት መስሎኝ አምቻት ነበር። ወንድሞቼ፣ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚያመጣልን ማኪያቶ እንዴት ይጣፍጠናል? የምለምነው አንድ ነገር ነው። ማጨስ ሲያምረን ከአቮካዶው ዛፍ ሥር እንቀመጥ። ማመልከቻዬ ተቀባይነት ቢያጣ አልቀየምም። እኔ ግን ወጥቻለሁ።»

ወረቀቱን አጠፈ። ግልባጭ አልነበረውም። ወንበሩን በአንድ እጁ፣ ማኪያቶውን በሌላው አንስቶ በበሩ ወጣ። ወንበሩ በሩ ላይ ተጋጨበትና ትንሽ ታገለ። ማንም አልረዳውም። ሁሉም አንገቱን አቀርቅሯል።

በመስኮቱ ይታያል። ዛፉ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሲጋራውን ለኮሰ። ከወዲያ ጥግ አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ «የማንም ቤት ሄጄ ማጨስ እችላለሁ» ብሎ አጉረመረመ። እትዬ አስካለ ባንኮኒው ላይ ያለውን ጨርቅ ጨምቃ ይዛለች። ሰውየው ሲጋራውን አወጣ፣ መስኮቱን አየ፣ መልሶ ከተተው። ከዚያ ተነሳ።

«ብቻውን ሊቀመጥ ነው እንዴ?» አለ በንዴት፣ ጥፋቱ የእኛ የሆነ ይመስል። ወንበሩን አንስቶ ወጣ።

ከሱ በኋላ ሌላው ወጣ። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገው ዳኒ የሚባል ልጅ «ጋይስ፣ ሲሪየስ ናችሁ? ባሪዲ ነው እኮ!» እያለ ለብርዱ ጃኬቱን ቆልፎ ተከተላቸው። የወጡት ማመልከቻው ስላሳመናቸው ነው ወይስ ሰው ብቻውን ማኪያቶ ሲጠጣ ማየት ስላልቻሉ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ መኩሪያን ስጠይቀው «ፋይሉ ተዘግቷል» ይለኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ወደኔ መጣች። ስለ ወሩ መጨረሻ ምንም አላነሳችም። «ምን ትገተሪያለሽ? ውጭ ያሉትን ታዘዣቸው» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ትልቅ ጃንጥላ ገዝታ ዛፉ ሥር ተከለች።

ውጭ ልታዘዛቸው ስሄድ ነው ያቺ ምልክት የተጀመረችው። ገና ከበሩ ስወጣ ጋሽ መኩሪያ መዳፉን ወደኔ ያነሳል፤ ቁሚ ማለቱ ነው። እቆማለሁ። ሲጋራውን ይተረኩሳል፣ ጎረቤቶቹንም ያስተረኩሳል፣ በጋዜጣው አየሩን ግራና ቀኝ ያራግባል፣ ከዚያ በጣቱ ነይ ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳይዘነጋ። ሐምሌ የናይሮቢ ብርድ ሲመጣ ጋቢ ተከናንቦ፣ አቮካዶ አጠገቡ ዱብ እያለ፣ መዳፉን ያነሳል። ዳኒ «ጋሼ ትራፊክ ፖሊስ» ይለው ነበር።

እዚያ ላይ አላቆመም፤ ሱስ ሆነበት። ፓርክላንድስ ላለ ክሊኒክ ስለ መጠበቂያ ክፍሉ ጻፈ። ዌስትላንድስ ላለ ቡና ቤት ጻፈ። በየቀኑ ለሚሳፈርበት ማታቱ፣ ሚኒባሱ፣ ባለቤት ደግሞ ሙዚቃውን አሞግሶ፣ የረዳቱን ቅልጥፍና አሞግሶ፣ ሾፌሩ በመንገድ ላይ እንዳያጨስ ለመነ። ባለቤቱ በጣም ተደስቶ ደብዳቤውን በፕላስቲክ አስለብጦ ከሾፌሩ ራስ በላይ ሰቀለው። ሾፌሩ ከሥሩ ያጨሳል። ጋሽ መኩሪያ ይህን ሲተርክ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። «ደብዳቤዬ ያላሳመነው አንድ ሾፌር ነው፤ እሱም ሲያነብ መንገዱን ማየት ስላለበት ነው» ይላል።

ከዓመታት በኋላ በከተማው በአደባባይ ማጨስ በሕግ ሲከለከል ሁላችንም እንኳን ደስ ያለህ አልነው። እሱ ግን ቅር ብሎት ዋለ። «አሁን ማን ይለማመናል? ፖሊስ ይጠራሉ እንጂ» አለኝ።

«ለራስህስ መቼ ነው የምትጽፈው?» አልኩት ያን ቀን። ሳሉ ከኔ ሳል በልጦ ነበር።

«ጽፌ ነበር» አለ። «አመልካቹም ዳኛውም እኔ ሆንኩ። ተስማሙና ፋይሉን ደበቁት።»

እንደ ወትሮው ሳቅኩለት። ዛሬ ሳስበው ግን መሳቅ አልነበረብኝም፤ ወይም ስቄ ማልቀስ ነበረብኝ። የኔን ደረት ያተረፈ ሰው የራሱን ማትረፍ አልቻለም። ይህን ማንም እንዲያጽናናኝ አልፈልግም።

መጨረሻ ያየሁት ሆስፒታል ነው፣ እትዬ አስካለ ከመደወሏ ጥቂት ቀናት በፊት። ሾርባ በፔርሙዝ ይዤ ሄድኩ። ክፍሉ መስኮቱ ክፍት፣ ወለሉ የታጠበ፣ የመድኃኒት ሽታ ብቻ ያለው ነው። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አድርገውለት፣ ትራስ ተደራርቦለት ተቀምጧል። በጣም ከስቷል። በሩን ገፋ ሳደርግ ዓይኑን ገለጠ፤ መጀመሪያ ያወቀኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ መዳፉን ወደኔ አነሳ።

ቆምኩ። እጁ ላይ ምንም የለም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲጋራ ገብቶ አያውቅም። እሱ ግን ጣቶቹን ብርድ ልብሱ ላይ ተጭኖ የሌለውን ሲጋራ ተረኮሰ። በዚያ ደካማ እጁ አየሩን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አራገበ፤ አልበቃው ብሎ እንደገና አራገበ። ነርሷ ልትገባ ስትል ክንዷን ይዤ አስቆምኳት።

ጣቱን አጠፍ አድርጎ ነይ አለኝ። በረጅሙ ተንፍሼ ገባሁ።